የግቢው ዶሮ ባራኪ

አባቴ የሞተው ትንሽ ልጅ ሳለሁ ነው። ከዚያ በኋላ በቤታችን የቀረሁት ወንድ እኔ ብቻ ነበርኩ። አዲስ አበባ ሰፈር ውስጥ ይህ ሥራ ይዞ ይመጣል። በእኛ ልማድ ዶሮ የሚያርደው ወንድ ነው። ባሏ የሞተባት፣ ያላገባች ወይም ባሏ መስክ የወጣባት ሴት በበዓል ዋዜማ ዶሮዋን ታቅፋ በር ላይ ትቆማለች። የሚያልፍ ወንድ ትጠብቃለች። "የኔ ልጅ፣ እባክህ ባርክልኝ" ትለዋለች። እምቢ የሚል የለም። ነውር ነው።

እኛ ግቢ መንገደኛ አይጠበቅም ነበር። እኔ አለሁ። ከእናቴ ዶሮ እጀምራለሁ፤ ከዚያ የጎረቤታችን የእማማ፣ ከዚያ ከጓሮ ያሉት ተከራዮች። ክንፏን በአንድ እግር፣ እግሯን በሌላው መርገጥ፣ ፊትን ወደ ምሥራቅ ማዞር፣ "በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ" ማለት። ሲያልቅ እማማ "እደግ፣ ተመንደግ" ብለው ይመርቁኛል። ማታ ድፎ ዳቦ ይደርሰኛል። ጢም ሳላወጣ አባወራ የሆንኩ ይመስለኝ ነበር። ደስ አይለኝም ነበር ብል ውሸት ነው።

ዛሬ ሥጋ፣ ዓሣ፣ እንቁላል፣ ወተት፣ ቅቤ አልበላም። ሰዎች "እንዴት ጀመርከው?" ሲሉኝ አንድ ትልቅ ነገር ይጠብቃሉ። ራእይ፣ ሕመም፣ ወይም ዩቲዩብ ላይ የታየ የቄራ ቪዲዮ። እኔ ያለኝ የዶሮ ልብ ብቻ ነው። ዶሮ ከገበያ የምትመጣው እግሯ ታስሮ፣ ቁልቁል ተንጠልጥላ ነው። ስትቀበላት ቀና አድርገህ ታቅፋታለህ። ያኔ ልቧ መዳፍህ ላይ ይሰማሃል። የዶሮ ልብ በደቂቃ ከ200 ጊዜ በላይ ነው የሚመታው። እጅ ላይ ሲደርስ ንዝረት ነው፤ አንዱን ምት ከአንዱ መለየት አይቻልም። ለዓመታት ይሰማኝ ነበር፤ የሥራው አካል ነው ብዬ አልፌዋለሁ። አንድ የፋሲካ ዋዜማ ግን ንዝረቱ ከእጄ አልወጣ አለ። ሌሊት ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን፣ እጄን ታጥቤ፣ ዶሮ ወጡ ቀርቦ እንኳ አለ። ያን ሌሊት ጾሙን አልፈታሁም። በማግስቱም አልፈታሁም።

"ለኢትዮጵያዊማ ምን ችግር አለው?" የሚል አንባቢ አሁን ይኖራል። ምግቡን በተመለከተ ልክ ነው፤ ምንም ችግር የለውም። ከእንስሳ የሚገኝ ምግብ ሁሉ የማይበላን ሰው ቪጋን የሚለውን ስም እነ ዶናልድ ዋትሰን እንግሊዝ አገር ያወጡት እ.ኤ.አ. በ1944 ነው። የእኛ ሴት አያቶች ያኔ ሱፍ ወቅጠው ወተቱን መጭመቅ ከጀመሩ ስንት ዘመን ሆኗቸዋል። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። የነቢያት ጾም አለ፤ ከኅዳር 15 እስከ ገና። የሐዋርያት አለ፣ ፍልሰታ አለ፣ ነነዌ አለ፣ ረቡዕና አርብ አለ። ተደምሮ ምእመኑ የዓመቱን ግማሽ ያህል፣ ካህናቱና መነኮሳቱ ደግሞ እስከ 250 ቀን ይጾማሉ። ስለዚህ ወጥ ቤታችን ይህን ነገር በደንብ አስቦበታል። ሽሮ፣ ምስር፣ ክክ፣ አዚፋ፣ ስልጆ፣ እልበት፣ የዱባ ወጥ፣ የሱፍ ፍትፍት፣ በተልባ የቀረበ ገንፎ። ስልጆን በተለይ ሳላመሰግነው አላልፍም። የባቄላ ዱቄት በሰናፍጭ ተብላልቶ አፍንጫ እስኪያቃጥል ድረስ የሚሆነውን ነገር ዓለም ገና አላወቀውም።

ምክንያቱ ግን ሌላ ነው። ጾም የሚገራው የጿሚውን ሥጋ ነው፤ ስለ በጉ ሥጋ አይጠይቅም። መጠየቅም የለበትም፤ ዓላማው ያ አይደለም። ግን ልዩነቱን ያየሁት ጾሙ ሲያልቅ ነው። የሁዳዴ ሳምንታት በገፉ ቁጥር የበግ ተራው ይሞላል፣ ዋጋው ይወጣል። ለበጉ ሁዳዴ ምሕረት አይደለም፤ ቀጠሮ ነው።

ከዚያ ደግሞ ሃምሳ አለ። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት 50 ቀናት ረቡዕና አርብ እንኳ አይጾምም። ምግብ ቤት ገብቼ "የጾም አለ?" ስል አስተናጋጁ ከላይ እስከ ታች ያየኛል። "ወንድሜ፣ ፋሲካ እኮ አልፏል።" ሽሮ አለ፤ ቅቤ ገብቶበታል። ጎመን አለ፤ በሥጋ ነው። በየአይነቱ ከዝርዝሩ ወጥቷል። ለሁለት ወር ከእኔ ጋር የበላ ከተማ በአንድ ሌሊት ጥሎኝ ይሄዳል። አሁን የማውቃቸው ሁለት ሦስት ቤቶች አሉኝ። ሙስሊም ደንበኛ የሚበዛባቸው ሰፈሮች፣ ከሰሉ ላይ ፉል የማይጠፋባቸው ቤቶች። ፉሉን ያለ ቅቤ፣ ያለ እንቁላል፣ ዘይትና ቃሪያ ብቻ ጨምሩበት እላቸዋለሁ። ሃምሳን የማልፈው በፉል ነው።

ይህ ሁሉ ግን ቀላሉ ክፍል ነው። ከባዱ እናቴ ናት።

ያን ፋሲካ መጀመሪያ የጠየቀችኝ "አመመህ እንዴ?" ብላ ነው። ቀጥሎ "ገዳም ልትገባ ነው?" አለችኝ፤ ድምጿ ውስጥ ፍርሃትም ኩራትም ነበረበት። ሦስተኛውን ጥያቄ ለእኔ አላቀረበችውም፤ ለእማማ ስታንሾካሹክ ነው የሰማሁት። "የሆነ ነገር አስነክተውት ይሆን?" ለሳምንታት ጠበል ሂድ ስትለኝ ቆየች። ሄድኩም። ጠበል ማንንም አይጎዳም።

ነገሩን ከእሷ ቦታ ሆኜ ሳየው አልፈረድኩባትም። አንድ የበዓል ዶሮ ዛሬ ሺህ ብር ያልፋል። እናቴ ለዚያ ዶሮ ለራሷ ያልገዛችው ነገር አለ። ሽንኩርቱን ለሰዓታት ቆማ አቁላልታለች። 12ቱን ብልት አንድም ሳታበላሽ አውጥታለች። ከዚያ ትልቁን ብልት መርጣ፣ በእንጀራ ጠቅልላ፣ ወደ አፌ ትዘረጋለች። ጉርሻና ፍቅር ካላስጨነቀ አያምርም ይባላል። ያ እጅ ፊቴ ላይ ተዘርግቶ ሳለ ስለ እንስሳት ስቃይ ንግግር ልጀምር? ለዶሮዋ አዝኜ እናቴን ላቁስል?

እዚህ ጋ ነው ብዙ ቪጋኖች ከሚጽፉት ነገር ጋር የማልስማማው። ኢንተርኔት ላይ ሥጋ የሚበላን ሰው ሁሉ ነፍሰ ገዳይ የሚሉ አሉ። ቃሉ ቀላል ነው፤ ኪቦርድ ላይ ምንም አይመዝንም። እኔ ግን የምኖረው ሰው ሰውን ለመግደል ሲነሳ መጀመሪያ የእንስሳ ስም የሚያወጣለት አገር ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2020 እስከ 2022 በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ ፌስቡክን ያየ ሰው ያውቀዋል። የተማሩ ሰዎች፣ ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት የሚያደርሱ ሰዎች ሌላውን በአውሬ ስም እየጠሩ "ይጥፋ" ይሉ ነበር። ያን ጊዜ ገባኝ። አንድን ፍጡር እንስሳ ብሎ መጥራት ለመግደል የሚበቃ ምክንያት የሆነው፣ እንስሳን መግደል ምንም ነው ብለን አስቀድመን ስለተስማማን ነው። ያን ስምምነት ነው መተው የፈለግሁት። ስተወው ደግሞ በሌላ ስድብ ልተካው አልፈልግም።

ስለዚህ ለእናቴ ያልኳት አጭር ነበር። "እማዬ፣ ማረዱ እጄ ላይ ቀረብኝ። መብላቱም አልሆንልህ አለኝ። ሌላውን ሁሉ ከእጅሽ እበላለሁ።" ጉርሻውን ተቀብዬ መልሼ እሷኑ አጎረስኳት። አኩርፋ በላችው።

የሚቀጥለው በዓል እንቁጣጣሽ ነበር። እማማ እንደ ልማዳቸው ዶሯቸውን ይዘው መጡ። "እማማ፣ እኔ ከእንግዲህ አላርድም" አልኳቸው። "ምነው? ሴት ሆንክ እንዴ?" አሉኝ። እማማ እንዲህ ናቸው። ግን ሳቁ ካለፈ በኋላ ፊታቸው ተለወጠ። ለእሳቸው እምቢታዬ ስለ ዶሮ አልነበረም። ባል የላቸውም፣ ልጆቻቸው አረብ አገር ናቸው፣ ለዓመታት በር ላይ ቆመው መንገደኛ ያልለመኑት እኔ ስላለሁ ነው። ዶሮ ላለመጉዳት ያልኩት ነገር አንዲት አሮጊት ሴትን በር ላይ ሊያቆም ነው።

ሄጄ ከታችኛው ግቢ አንድ ወጣት ጠርቼ አመጣሁላቸው። አዎ፣ አራጁን ፈልጌ ያመጣሁት እኔ ነኝ። ይህን አንብቦ "ታዲያ ምኑን ተውከው?" የሚል ጥብቅ ሰው ቢኖር ጥያቄው ልክ ነው። የእኔ መልስ እማማ ናቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በግቢው ሌላ ሥራ ያዝኩ፦ ሽንኩርት። ለአንድ ዶሮ ወጥ ሁለት ሦስት ኪሎ ሽንኩርት ይከተፋል። ማንም የማይወደው ሥራ ነው። በየበዓሉ ዋዜማ የሦስት ቤት ሽንኩርት ከትፌ ዓይኔ ቀልቶ ነው የማድረው። ድፎ ዳቦው አልቀረብኝም።

እናቴ ደግሞ በራሷ ጊዜ አንድ ነገር ጀመረች፤ አልጠየቅኳትም። ቁሌቱ በዘይትና በበርበሬ ከበሰለ በኋላ፣ ንጥር ቅቤውና ዶሮው ከመግባቱ በፊት፣ ጥቂት ጭልፋ ወደ ትንሽ ድስት ትቀንሳለች። እንጉዳይ ትጨምርበታለች። ኮረሪማው፣ መከለሻው፣ ሁሉም አለበት። የመጀመሪያ ጊዜ ስታቀርብልኝ "ይኸው ዶሮ የሌለበት ዶሮ" አለችኝ።

ጋንዲ በግለ ታሪኩ ውስጥ የጻፈው አንድ ነገር ይመጣብኛል። እ.ኤ.አ. በ1912 ደቡብ አፍሪካ ሳለ ወተት ላለመጠጣት ተሳለ። ላሞችና ጎሾች ወተት እንዲሰጡ የሚፈጸምባቸውን ጭካኔ ሰምቶ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሕንድ ውስጥ በተቅማጥ ታሞ ሊሞት ደረሰ። ሐኪሙ ወተት ካልጠጣህ አትድንም አለው። ሚስቱ ካስቱርባ ዘዴ አገኘች፦ ስትሳል ያሰብከው የላምና የጎሽ ወተት ነው፤ የፍየል ጠጣ። ጠጣ። ዳነ። በኋላ ሲጽፈው የስእለቱን ፊደል ጠብቄ መንፈሱን ገደልኩ ብሎ አዘነ። የፍየል ወተቱን ግን አልተወውም። እኔ በዚህ ታሪክ ውስጥ የምወደው ካስቱርባን ነው። ሰውዬው ዓለምን በሰላማዊ ትግል ሊያስተምር ነው፤ እሷ ደግሞ በሕይወት እንዲኖር የምትፈልግ ሚስት ናት። እናቴና እሷ ቢገናኙ ይግባቡ ነበር።

ቤታችን ሳሎን ግድግዳ ላይ የአቡዬ ሥዕል አለ። ገብረ መንፈስ ቅዱስ። ብዙ ቤት አለ፤ ታውቁታላችሁ። ነጭ ጢማቸው የረዘመ፣ ግራና ቀኝ 60 አንበሳና 60 ነብር የሚከተላቸው፣ የተጠማች ወፍ ከዓይናቸው እንባ የምትጠጣላቸው ጻድቅ። ስንት ዓመት በዚያ ሥዕል ሥር በግ በልቻለሁ። በስማቸው በሚዘከርበት ቀን እንኳ በግ የታረደበት ጊዜ አለ፤ ከአናብስቱ ጋር በሰላም የኖሩት አባት ከላይ እያዩን። ይህን ለእናቴ ስነግራት ቆይታ "እሳቸው ቅዱስ ናቸው፤ እኛ ሰው ነን" አለችኝ። መልስ አላገኘሁለትም። ዋልድባ ላይ እህል ሳይቀምሱ በቋርፍ የሚኖሩ መነኮሳት አሉ። ማንም አብደዋል አይላቸውም። አንድ ሰው ያለ ሥጋ መኖር እንደሚችል አገራችን አጥብቃ ታምናለች፤ ብቻ ሰውየው መነኩሴ ይሁን ትላለች። ቆብ ሳትጭን፣ ጂንስ ለብሰህ፣ ቢሮ እየገባህ ሲሆን ነው ግራ የሚገባት።

ንጹሕ ነኝ ማለት እንደማይቻል ደግሞ ባህላችን ራሱ ይነግረኛል። ትግራይ ውስጥ በአባ ገሪማ ገዳም ያሉት ወንጌሎች በካርቦን ምርመራ ከ4ኛው እስከ 7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ ውስጥ የተጻፉ መሆናቸው ታውቋል። የተጻፉት በፍየል ቆዳ ላይ ነው። አንድ ትልቅ መጽሐፍ ስንት ፍየል እንደሚፈጅ አስቡት። ከበሮው የከብት ቆዳ ነው። የበገናው አሥር አውታር ከበግ አንጀት ነው የሚፈተለው፤ አሁን ናይለን የሚያስሩም አሉ። በሁዳዴ በገና ስሰማ የማለቅሰው በበግ አንጀት ነው። ብራናውን ጠልቼ የት እሄዳለሁ? አዲስ የቆዳ ጫማ አልገዛም፤ የድሮውን ጫማዬን ግን እስኪያልቅ አደርገዋለሁ። ከዚህ የተሻለ ደንብ እስካሁን አላወጣሁም።

ደንብ ሳወጣ ደግሞ ለራሴ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ በቦረና አምስት የዝናብ ወቅት በተከታታይ ሲከሽፍ፣ ከብት ያለቀበት ቤተሰብ የሚያለቅሰው ስለ ንብረት ብቻ አልነበረም። ላሟ የልጁ ቁርስ ናት፣ ትምህርት ቤቱ ናት፣ ስሟም አላት። ለአርብቶ አደር "ወተት ተው" የሚል የከተማ ልጅ ማን ነው? እ.ኤ.አ. በ2019 በወጣው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ የኢትዮጵያ ልጆች 37 በመቶው የቀነጨሩ ነበሩ። ለእነዚህ ልጆች እንቁላል ሲገኝ ደስ ይለኛል። እኔ መምረጥ የቻልኩት ከፊቴ አማራጭ ስላለ ነው፤ ሱፐርማርኬት ያለበት ሰፈር ስለምኖር፣ ደመወዝ ስላለኝ።

ስለ ጤና ከተነሳ፣ ሁልጊዜ የምጠየቀው ስለ ፕሮቲን ነው። ሽሮና ምስር ሲበላ ያደገ ሰው ይህን ሲጠይቀኝ ይገርመኛል። መጠየቅ ያለበት ቫይታሚን ቢ12 ነው። አትክልትና ጥራጥሬ ውስጥ የለም ማለት ይቻላል። የሚጾም ሰው ጾሙ ሲፈታ ከሥጋውና ከእንቁላሉ ያገኘዋል፤ ጉበትም ለዓመታት የሚበቃ ያስቀምጣል። እንደኔ የማይፈታ ሰው ግን ክምችቱ ቀስ ብሎ ያልቅበታል። ደም ማነስ፣ የእጅና የእግር መደንዘዝ ያመጣል። ክኒኑ ፋርማሲ አለ። ግዙና ዋጡ፤ በዚህ ጉዳይ ጀግንነት የለም።

ያልጠበቅሁት ትርፍ ሌላ ቦታ ነው የመጣው። ከልጅነቴ ጀምሮ የማልለየው ሙስሊም ጓደኛ አለኝ። አብረን አድገናል፣ ብይ ተጫውተናል፣ ፈተና ተኮራርጀናል። ሥጋ ግን አብረን በልተን አናውቅም። በእኛ አገር ክርስቲያን የባረከውን ሙስሊም አይበላም፤ ሙስሊም ቢስሚላህ ያለበትንም ክርስቲያን አይበላም። ሰርግ ላይ "የሙስሊም" የሚባል ድስት ለብቻው አለ፤ ጠረጴዛውም ለብቻው ነው። ጎረቤት ሆኖ ሃምሳ ዓመት የኖረ ሰው በደስታው ቀን ጥግ ላይ ይቀመጣል። ማንም በክፋት አያደርገውም፤ እንደውም በአክብሮት ነው። አሁን እኔና እሱ በዒድም በፋሲካም አንድ ትሪ ላይ እንበላለን። እናቱ ለእኔ ብለው ሳምቡሳ በምስር ይሠራሉ፤ በረመዳን ማታ ማታ ይልኩልኛል። እንስሳትን ለመተው ጀምሬ የጓደኛዬን ገበታ አገኘሁ።

ለዚህ ነው አሁን ክርክር ውስጥ ያለሁት። ላገባ ነው። እጮኛዬ ሥጋ ትበላለች፤ ክትፎ ነፍሷ ነው። ይህ በመካከላችን ችግር ሆኖ አያውቅም፤ ሁለት መጥበሻ እንገዛለን ተባብለን ጨርሰናል። ችግሩ ሰርጉ ነው። በጾም አድርጌው እንዳልገላገል ሁዳዴ ውስጥ ሰርግ የለም። እኔ ያቀረብኩት ሐሳብ ይህ ነው፦ አንድ ረጅም ገበታ፣ ሙሉ በሙሉ የጾም፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ጎን ለጎን። አጎቴ ሲሰማ ጋቢውን አስተካክሎ "ንፍሮ ብቻ ነው የቀረህ፤ ለቅሶ አስመሰልከው እኮ" አለኝ። የእጮኛዬ አባት የበለጠ ጨዋ ናቸው፤ "ሰው ምን ይለናል?" ብቻ ነው ያሉት። ሴት ልጃቸውን ሲድሩ ሰንጋ አልጣሉም እንዲባሉ አይፈልጉም፤ እኔም እንዲባሉ አልፈልግም።

እስካሁን የደረስንበት እንዲህ ነው። ሁለት ሰንጋ የነበረው አንድ ሆኗል። የጾሙ ቡፌ ጥግ ላይ ሳይሆን መግቢያው ላይ፣ መጀመሪያ ይቀመጣል። "የሙስሊም ጠረጴዛ" የሚባል ነገር የለም። አንዱን ሰንጋ እኔ አልተቀበልኩትም፤ አጎቴ ደግሞ አልለቅም ብሏል። ቀጣዩ ንግግር የፊታችን እሑድ ነው። እናቴ ከማን ጋር እንደቆመች እስካሁን አልነገረችኝም። ትናንት ግን ያን ዶሮ የሌለበትን ዶሮ በትንሽ ሰርቪስ አድርጋ ለእጮኛዬ እናት ልካለች፤ ዛሬ ጠዋት ሴትየዋ ደውለው አሠራሩን ጠይቀዋታል።